ማስታመም፦ የሚማሩት የምሕረት ሥራ



በቋንቋችን የሕሙም እንክብካቤ «ማስታመም» ይባላል። ቃሉ ከመታመም የወጣ እንደ መሆኑ አስታማሚ የሕመሙ ተካፋይ ነው ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሙያ የሌለው ተካፋይነት ሕሙሙን ሊጎዳው እንደሚችል በራሳችን ደርሶ አይተናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወረኢሉ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ቤት ለምሥጢረ ቀንዲል ተጠራን። አባወራው በአንድ ጎናቸው ሽባ ከሆኑ ወር አልፏቸው ነበር። ቤተ ሰቡ ጋቢ በጋቢ ላይ ደራርቦላቸዋል፤ የደጋውን ብርድ ፈርቶ መስኮቱን ደፍኗል፤ የቅሬው ሰዎችም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አይለዩአቸውም። ጸለይን፤ ቅብዓቱን ቀባን፤ ቡናም ጠጣን። ልንነሣ ስንል አብረውን የነበሩት ነርስ መነኵሲት «አባባ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ወደ ጎን እናዙርዎ» አሉ። ከወገባቸው በታች፣ በጭራ አጥንታቸው ላይ፣ መዳፍ የሚያህል ቁስል ተገኘ። እጃችንን ጭነን ስንጸልይ ከጋቢው በታች ምን እንዳለ አልጠየቅንም ነበር።

የዚህ ቁስል መነሻ እንዲህ ነው። የሰውነት ክብደት በአጥንትና በመኝታ መካከል ያለውን ሥጋ ሲጫነው የደም ዝውውሩ ይታገዳል፤ በጥቂት ሰዓታትም ውስጥ ሥጋው መሞት ሊጀምር ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በቀላሉ ስለማይለይ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ስለሆነም ራሱን ማንቀሳቀስ ያልቻለ ሕሙም፣ ሌሊትም ጭምር፣ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ይገላበጣል። ሲገላበጥም መጎተት የለበትም፤ ሁለት ሰዎች አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘው ያነሡታል። ከባቱ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ቢደረግ ተረከዙ ከፍራሹ ይነሣል። ምልክት የታየበትን ቦታ ማሸት ግን፣ ብዙዎቻችን መልካም ቢመስለንም፣ የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ይጎዳዋል። ቅሬያችን ለቀብርና ለቃሬዛ ተራ ማውጣት ያውቅበታል፤ ለማገላበጥስ ተራ ቢያወጣ?

በፍቅር የሚፈጸም ሌላው ጥፋት ማጉረስ ነው። በደንብ ያልነቃን ወይም መዋጥ የተሳነውን ሰው አጋድሞ አጥሚት ማጠጣት፣ መጠጡ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች እንዲይዘው ያደርጋል። የነቃውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ በትንሽ ማንኪያ እየሰጡ መዋጡን ማየት፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና እንዳለ ማቆየት ይገባል። አፉ በየዕለቱ ይጸዳል። እጅን ከሥራው በፊትም በኋላም በሳሙና መታጠብ ለማንም የታወቀ ነው፤ የሚጎድለው ማድረጉ ነው።

ትንፋሽ መቁጠርንም መማር ይቻላል። ያረፈ ዐዋቂ ሰው በ1 ደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሕሙሙ መቆጠሩን ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚለውጥ ሳይነግሩት ይቈጥሩለታል። ቁጥሩ ከዚህ በእጅጉ ቢርቅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

ቅዱስ ካሚሎስ (1550–1614 እ.ኤ.አ.) ለዓመታት ያልዳነ የእግር ቁስል ነበረበት። በሮም ሆስፒታል ሲታከም ቅጥረኞቹ ሕሙማኑን እንዴት ችላ እንደሚሉ ስላየ፣ ማስታመምን ሥራው ያደረገ ማኅበር መሠረተ። በሀገራችንም ልዕልት ፀሐይ፣ በስደት ዘመን፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሳሉ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረዋል፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐረፉ። ሙያው ለታላላቆች የማይመጥን ዝቅተኛ ሥራ ነው ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

መምህራን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ (ሉቃ. 10) ስታስተምሩ ርኅራኄው ላይ ብቻ አትቁሙ። ሰውዬው ቀረበ፣ ቁስሉን አሰረ፣ በገዛ አህያው ጫነው፣ ሌሊቱን አብሮት አደረ፣ በማግሥቱም ለተከታዩ እንክብካቤ ገንዘብ ከፈለ። ከዚያም በአቅራቢያችሁ ያለን ነርስ ጋብዙ፤ አንድ አንሶላና አንድ ፍራሽ ይበቃል። ተማሪዎቹ በየተራ እየተኙ ይገላበጡ፤ ካህኑም ይተኛ። እኛ ተኝተን አይተነዋል፤ በሰው እጅ መገላበጥ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ወደዚያ ቤት ከሁለት ወር በኋላ ተመለስን። የአባወራው ልጅ አባቷን ባገላበጠች ቊጥር በከሰል መስመር ታሰምር ስለ ነበር፣ ከአልጋው በላይ ያለው ግድግዳ ጠቁሮ ቆየን። ቁስሉም ወደ አውራ ጣት ስፋት ጠቦ ነበር።