አስተማሪዋ ተማሪ

ልጅ በታላቅ ፊት አዋቂ ልሁን ሲል «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብለን እንተርታለን። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የብሔራዊ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ግን ተረቱ ተገለበጠ። ብዙ ወጣት ተማሪዎች ጠመኔ ይዘው በወላጆቻቸው እኩዮች ፊት ቆሙ።

ዘመቻው ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። ጉሙዝኛ ግን ከነዚህ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ አፉን በጉሙዝኛ የፈታ ሰው ፊደል ለመቁጠር ሌላ ቋንቋ ማወቅ ነበረበት። እንዲህ ላለው ሰው የአስተማሪው ፊደል ብቻ አይበቃም፤ ጆሮውም ያስፈልጋል።

እስቲ ዛሬን እናስብ። በመተከል፣ በዳንጉር ወረዳ፣ በማንቡክ ከተማ አንዲት የ16 ዓመት የክፍል አለቃ በክረምት ጎረቤቶቿን ልታስተምር ተነሣች እንበል። ትምህርት ቤት ውስጥ «ዝም በሉ!» ማለት ለምዳለች። እዚህ ግን «እማማ፣ ማሽላን በጉሙዝኛ ምን ይሉታል?» ብላ ትጠይቃለች። እማማ ይነግሯታል። እሷም ቃሉን ትደግማለች፤ ስትሳሳት ያርሟታል።

ያን ቀን ማን አስተማረ? ሁለቱም። ልጅቷም ቤቷ ስትመለስ የክፍል አለቃ ብቻ አይደለችም። ለሰው የምትጠቅም፣ ከሰውም የምትማር መሆኗን አውቃለች። እኛ መሪነት የምንለው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ እናንተስ ካስተማራችሁት ሰው ምን ተማራችሁ?