በግ ማረድ ኃጢአትን ያስተሰርያል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ነው። ተራዬ ሳይደርስ የጎረቤቴን የመስኖ ውኃ በሌሊት ወደ ሽንኩርት ማሳዬ መለስኩት፤ የእሳቸው ማሾ ደረቀ። ጸጸቱ እንቅልፍ ነሳኝ። በግ አርጄ ነዳያን ባበላ ይሰረይልኛል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ጸጸትዎ የንስሐ መጀመሪያ ነው። በብሉይ ኪዳን ኃጢአት የሠራ ሰው በእንስሳው ራስ ላይ እጁን ጭኖ ያርድ ነበር (ዘሌዋውያን 4)። መሥዋዕቱ በየጊዜው የሚደገመው ኃጢአትን ፈጽሞ ማስወገድ ስላልቻለ ነው። ክርስቶስ ግን ራሱን አንድ ጊዜ አቅርቦ ፈጸመው (ዕብራውያን 10)፤ በቅዱስ ቁርባን የምንካፈለውም ይህንኑ መሥዋዕት ነው። ስለዚህ የበግ ደም የኃጢአት ዋጋ አይሆንም። ነዳያንን ማብላት መልካም ምግባር ቢሆንም የተበደሉትን ሰው አይክስም። በአካባቢዎ በይፋት ብዙ ቦታ እንደሚያጋጥመው ጎረቤትዎ ሙስሊም ከሆኑ ደግሞ ክርስቲያን ካረደው በግ ሥጋ እንኳ አይቀምሱም። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል እንደገባ ያስታውሱ (ሉቃስ 19)።

በቅድሚያ ለንስሐ አባትዎ ይናዘዙ፤ ቀኖናውን የሚሰጡዎ እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ሽማግሌ ይዘው ይቅርታ ይጠይቁ፤ የደረቀውን ማሾ አስገምተው ይካሱ። የመስኖውን ተራ ለሚያስከብሩት የውኃ አባትም ያስታውቁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንቅልፍ ማጣቱ ካልተወዎት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ሕክምና ከንስሐ ጋር አይጣላም።