ስላይዱ ለማን ነው? ለመምህሩ ወይስ ለተማሪው?

ቀደም ሲል የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሲባል ትዝ የሚለን ቻርትና ሥዕል ነበር። ዛሬ ፕሮጀክተር በተገኘበት ክፍል ሁሉ ስላይድ ይቀድማል። ነገሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በማስተማር ልምምድ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚታየው፣ ማስታወሻው እንዳለ ስላይድ ላይ ተገልብጦ እጩ መምህሩ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ሲያነበው ነው። ታዲያ ይህ ማስተማር ነው ወይስ ማንበብ?

ከቅርብ ታሪካችን እንነሳ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ተጀመረ። ቤተ ሙከራ የሌለው ት/ቤት ሊያሳየው የማይችለውን ሁሉ ያሳይ ነበር። ግን ሥርጭቱ ማንንም አይጠብቅም፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ያልፋል፤ መምህሩም መሐል ገብቶ የሚያስረዳበት ጊዜ አጭር ነበር። በእጃችን ያለው ስላይድ ግን ሲያሻን ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። ይህን ዕድል ካልተጠቀምንበት ሌላ ፕላዝማ ሠራን ማለት ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች እናጢን።

1ኛ/ አንድ ስላይድ፣ አንድ ሐሳብ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው የሚይዘው ሰባት ያህል ነገር ነው ብሎ ነበር። ኔልሰን ካዋን በ2001 እ.ኤ.አ. ቁጥሩን ወደ አራት ገደማ ዝቅ አደረገው። አሥራ ሁለት መስመር ከታጨቀበት ስላይድ ታዲያ ለተማሪው ምን ይተርፈዋል?

2ኛ/ ፊደሉ ይጉላ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲረቡ 231 ይሆናሉ። አንዱን ከሌላው የምትለየው ብዙ ጊዜ ትንሽ ቅጥል ናት። «ቤቱ» እና «ቤቴ»፣ «ልጁ» እና «ልጄ» ደቀቅ ብለው ከተጻፉ ከኋላ ወንበር ያው ናቸው። መጋረጃ በሌለው ክፍል ደግሞ በነጭ ላይ የተጻፈ ቢጫ ጭራሽ አይታይም፤ ጥቁር በነጭ ይሻላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ተማሪ ከመግባቱ በፊት መጨረሻው ዴስክ ላይ ቁጭ ብሎ ማንበብ።

3ኛ/ የምንናገረውን አንጻፍ። ዓይን ከአንደበት ይፈጥናል። እኛ ሁለተኛው መስመር ላይ ስንሆን ተማሪው ጨርሶ ሌላ ያስባል፣ ወይም ጆሮውን ትቶ ይገለብጣል። ለምሳሌ በመካኒሳ ወይም በላፍቶ ለሚማሩ ልጆች ስለ ወንዝ ብክለት ስናስተምር፣ ስምንት መስመር ትርጓሜ ከመደርደር የትንሹ አቃቂን ንድፍ ካርታ እናሳይ። ወንዙ በአካባቢያቸው አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጻፍ፦ «እዚህ የጣልነው ቆሻሻ የት ይደርሳል?» ከዚያ ዝም ብለን እንጠብቅ። መልሱን ተማሪው ይናገር፤ እኛ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እናስፍር።

4ኛ/ መብራት ቢሄድስ? መብራት ሲሄድ ትምህርቱ አብሮ መሄድ የለበትም። ዋናውን ሥዕል በቻርት ወረቀት ማዘጋጀት ወይም በሰሌዳ ላይ መሣል መቻል ይኖርብናል። የአማርኛ ፊደሉም በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት ወደ ሳጥን ሊለወጥ ስለሚችል፣ በዋዜማው በክፍሉ መሣሪያ መሞከር ያስፈልጋል። ስላይዱ ሲጠፋ የሚናገረው የሚጠፋበት መምህር፣ ትምህርቱን ገና አላዘጋጀም።

ለመለማመጃ ያህል፦ ለሚቀጥለው ልምምድ ካዘጋጀናቸው ስላይዶች አንዱን እናውጣ። በቃል ልንናገረው የምንችለውን ሁሉ እንሰርዝ። የቀረውን ለጓደኛችን ከክፍሉ ጫፍ እናሳየውና ምን እንደተረዳ እንጠይቀው። መምህራኖቻችንም ልምምዱን ሲገመግሙ የስላይዱን ማማር ሳይሆን፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ምን ይዞ እንደወጣ ቢጠይቁን እንጠቀማለን።