የተቀበረን መስመር ሳይቆፍሩ ማግኘት

በከተማ መንገድ ዳር ዶማ የሚያነሣ ሠራተኛ ከእግሩ ሥር 15 ሺህ ቮልት የተሸከመ ገመድ ሊኖር ይችላል። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያገለግለው መሣሪያ ኧርስቴድ በ1820 እ.ኤ.አ. ባስተዋለው እውነታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይኸውም ጅረት በሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል።

መሣሪያው ምልክት ላኪና ተቀባይ የተባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። ላኪው በተቀበረው ብረታማ መስመር ውስጥ ለምሳሌ 8 ወይም 33 ኪሎ ኸርዝ ድግግሞሽ ያለው ተለዋዋጭ ጅረት ይሰዳል። ጅረቱ 10 ሚሊ አምፒር ቢሆን፣ በ1 ሜትር ርቀት የሚፈጥረው መስክ 2 ናኖ ቴስላ ብቻ ነው። የመሬት መስክ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ናኖ ቴስላ ቢበልጠውም፣ በጊዜ ስለማይለዋወጥ ተቀባዩ በድግግሞሽ ለይቶ ይተወዋል።

ጥልቀትስ እንዴት ይታወቃል? መስኩ ከርቀት ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። በ40 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች ታችኛው 10፣ ላይኛው 7.5 ቢያነቡ፣ ጥልቀቱ ከታችኛው ጥቅል 0.4 × 7.5 ÷ (10 − 7.5) = 1.2 ሜትር ይሆናል።

አገናኝቶ ለመሥራት

ጅረት እንዲፈስ ዑደቱ መዘጋት አለበት፤ መመለሻውም አፈር ነው። በቀጥታ ለማገናኘት ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው፦

1. መስመሩ ኮረንቲ እንደሌለው በቮልቴጅ መለኪያ ማረጋገጥ። በሰፈሩ መብራት መጥፋቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የጎረቤት ጀኔሬተር መስመሩን ወደ ኋላ ሊመግበው ይችላል።
2. ላኪውን አጥፍቶ የምድር ካስማውን ከመስመሩ ጎን በጥቂት ሜትሮች ርቀት መትከል። ካስማው በሌላ ቧንቧ ላይ ካረፈ ምልክቱ ወደዚያ ይሄዳል። ደረቅ አፈርን ውሃ ማርከፍከፍ ይጠቅማል።
3. በቅድሚያ ጥቁሩን ሽቦ ከካስማው፣ ቀጥሎ ቀዩን ከዝገትና ከቀለም ከጸዳው ብረት ማያያዝ፤ ከዚያ ላኪውን ማብራት። ሲጨርሱ መጀመሪያ አጥፍቶ በተቃራኒው ቅደም ተከተል መፍታት።

ኮረንቲ ካለው ገመድ ጋር ሽቦዎቹን ማገናኘት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በዚያ ጊዜ ላኪውን መሬት ላይ አስቀምጦ በፋራዴይ የመነሣሣት ሕግ አማካይነት ከሩቅ ምልክት ማስተላለፍ፣ ወይም የገመዱን 50 ኸርዝ መስክ ራሱን ማድመጥ ይቻላል።

በመጨረሻም የፕላስቲክ ቧንቧ ጅረት አያስተላልፍም፤ አብሮት ሽቦ ካልተቀበረ በዚህ ዘዴ አይገኝም። ስለዚህ የተቀባዩ ዝምታ «ምንም የለም» ማለት አይደለምና፣ ቁፋሮው በእጅና በጥንቃቄ ሊጀመር ይገባል።