በበጋ መግቢያ ተራራ መውጣት፦ በረዶ፣ ጅረትና መብረቅ በሮኪ ተራሮች

የሰኔ ወር ሲገባ በኢትዮጵያ ክረምቱ ይከብዳል፤ በሰሜን አሜሪካ ግን በጋው ይብታል። በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨርና በአውሮራ ከተሞች የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችንም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሮኪ ተራሮች ይወጣሉ። ከተማው ውስጥ የቀኑ ሙቀት በካናቴራ ያስኬዳል። ተራራው ላይ ግን ያለፈው ክረምት ገና አልወጣም። በዚህ ወቅት ተጓዡን የሚያጠቁት አደጋዎች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ በረዶ፣ የሞላ ጅረትና መብረቅ። ሦስቱም የሚታዘዙት ለአንድ ነገር፣ ይኸውም ለፀሐይ ነው። ስለዚህ በዚህ ወቅት ለተራራ ተጓዥ ከጉልበት ይልቅ ሰዓት ማወቅ ይጠቅመዋል።

ከተማው ሲሞቅ ተራራው ለምን ይበርዳል?

አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ሙቀቱን ያጣል። በዚህ ምክንያት በየ1,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ የሚያልፈው ትሬይል ሪጅ የተባለው የመኪና መንገድ ደግሞ ከፍተኛው ቦታ ላይ 3,713 ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ ሲሰላ 14 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከተማዋ 26 ዲግሪ ስትሞቅ እዚያ ላይ 12 ዲግሪ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ነፋስና እርጥብ ልብስ ሲታከሉበት ደግሞ ሰውነት ከዚያ የባሰ ብርድ ይሰማዋል።

በረዶው ቶሎ የማይጠፋበትም ምክንያት አለው። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ቀልጦ ውኃ እንዲሆን 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይፈልጋል። ይህም ያንኑ ውኃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ጋር ይተካከላል። አገር ቤት «በረዶ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ከዝናብ ጋር የሚወርደውንና ጥቂት ቆይቶ የሚሟሟውን ጠጠር መሰል በረዶ ነው የምናስበው። እዚህ ግን ነገሩ ለወራት ተቆልሎ የተጨመቀ ክምር ነው።

ጠዋት ድንጋይ፣ ከሰዓት በኋላ ረግረግ

ሰማዩ በጠራ ሌሊት የበረዶው ገጽ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ይጠጥራል። ንጋት ላይ የሰው ክብደት ይሸከማል፤ ነገር ግን ያንሸራትታል። በተዳፋት ላይ የወደቀ ሰው ራሱን ማቆም ሳይችል ከታች ካለው ድንጋይ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ጫማ ላይ የሚጠለቀው ባለ ሾህ ብረት ለጥ ባለ መንገድ በእጅጉ ይረዳል። ቀጥ ባለ ገደል ግን እሱ ብቻ አይበቃም፤ የበረዶ መጥረቢያና የአጠቃቀሙ ልምምድ የሌለው ሰው ከዚያ ቢመለስ ይሻለዋል።

ፀሐይ ከፍ ስትል በረዶው ይላላል። እግር እስከ ጉልበት ይሰምጣል፤ ከሥር ድንጋይ ካለ ቁርጭምጭሚት ይወለማል፤ አጥንትም ሊሰበር ይችላል። ቀጥ ባሉ ተዳፋቶች ላይ ደግሞ ውኃ የጠገበ በረዶ ሊናድ ይችላል። ድንጋይና የዛፍ ግንድ ከፀሐይ የሚቀበሉት ሙቀት ዙሪያቸውን ያቀልጠዋልና ከአጠገባቸው ያለው በረዶ ብዙ ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ጅረት የሸፈነው በረዶ ነው። ውኃው ከታች እየቦረቦረው ስለሚሄድ ከላይ ደህና የሚመስለው ድልድይ በድንገት ሊደረመስ ይችላል። ከእግር በታች የውኃ ድምፅ የሰማ ሰው ሌላ መሻገሪያ ሊፈልግ ይገባል።

በረዶው መንገዱንም ይሸፍናል። ቀድሞ ያለፈ ሰው ኮቴ ማስረጃ አይሆንም፤ እሱም መንገድ ስቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ አስቀድሞ ስልክ ላይ መጫን፣ የወረቀቱንም መያዝ ይገባል። አዲስ በረዶ የሚያርፍበትን አልትራ ቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ የፀሐይ መነጽር ለልጆችም ያስፈልጋል።

ሲሄዱ የተሻገሩት ጅረት ሲመለሱ ያው አይደለም

ቀኑን የቀለጠው በረዶ ወደ ሸለቆው እስኪደርስ ሰዓታት ይወስድበታል። በዚህ የተነሣ የተራራ ጅረቶች ጠዋት ይጎድላሉ፤ ወደ ማታ ይሞላሉ። ማለዳ ድንጋይ እየረገጡ የተሻገሩት ውኃ አመሻሹ ላይ ሰው የሚወስድ ሊሆን ይችላል። ውኃው ከጉልበት በላይ ከሆነና ፍጥነት ካለው አለመግባት ነው። መሻገር ግድ ከሆነ፣ ጅረቱ ሰፍቶና ተከፋፍሎ የሚፈስበትን ጥልቀት የሌለው ቦታ መምረጥ፣ ሰው ቢወድቅ ሸክሙ እንዳያሰጥመው የቦርሳውን የወገብና የደረት ማሰሪያ መፍታት ያስፈልጋል። ከበረዶ የወጣ ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወስዳል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ማመዛዘንም ይሳነዋል። የጥጥ ልብስ ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ይህን ያባብሳል፤ ሱፍ የተሻለ ነው።

ከቀትር በኋላ የሚመጣው ደመና

ከደጋ የመጣ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚጮኽ ነጎድጓድ አዲስ አይሆንበትም። በሮኪ ተራሮችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ፀሐይ ያሞቀችው ተዳፋት አየሩን ወደ ላይ ይሰዳል፤ እርጥበቱ ደመና ይሆናል፤ በደመናው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ሙል ይለያያል፤ መብረቅም ይወለዳል። ጠዋት ጥጥ የመሰለው ደመና ወደ ላይ እየረዘመ ከሄደ ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 11 እና 12 ቀን 2014 በዚሁ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ መብረቅ በሁለት ተከታታይ ቀናት ሁለት ሰዎችን ገድሏል።

ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በብልጭታውና በነጎድጓዱ መካከል 30 ሰከንድ ከተቆጠረ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው፤ ይህም አደጋ ለማድረስ በቂ ቅርበት ነው። ያን ጊዜ ከሸንተረርና ከጫፍ ወርዶ ደን ውስጥ መግባት፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍ መራቅ፣ አንዱ ከሌላው ተራርቆ መሄድ ይገባል። ድንኳንና የዋሻ አፍ መጠለያ አይሆኑም። የብረት ጣሪያ ያለውና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ግን ይከላከላል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል።

ከመኪናው ሳይርቁ የሚወሰን ውሳኔ

ከጉዞው በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ስለ መንገዱ መጠየቅ፣ የከተማውን ሳይሆን የተራራውን የአየር ትንበያ ማየት፣ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለቤተሰብ መንገር ይገባል። ልጆችና አረጋውያን አብረው ካሉ በረዶው የለቀቃቸውን ዝቅተኛ መንገዶች መምረጥ ያዋጣል።

ከሁሉ በላይ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ መቁረጥ ነው። ንጋት ላይ የተነሣና ከቀትር በፊት ከጫፍ መውረድ የጀመረ ሰው የላላውን በረዶ፣ የሞላውን ጅረትና መብረቁን በአብዛኛው ያመልጣል። ጫፉ በቀረበ ጊዜ ግን ከቡድኑ መካከል «እንመለስ» ብሎ ለመናገር ሁሉም ይሉኝታ ይይዘዋል። ሰዓቱ ጠዋት፣ ሁሉም ባለበት ከተወሰነ ማንም ሰው ፈሪ መባልን መፍራት የለበትም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ፊቱን ያዞራል።