ገንዳው ሲታደስ የውኃው ሒሳብ እንዳይዛነፍ

በሆቴልና በሪል እስቴት ሥራ የተሠማራ ባለሀብት ሕንፃውን ሲያሳድስ የሲሚንቶውን፣ የብረቱንና የሴራሚኩን ዋጋ አንድ በአንድ ይተምናል። በመዋኛ ገንዳው ውስጥ ያለው ውኃ ግን ብዙውን ጊዜ ከበጀቱ ውጭ ይቀራል። የመዘንጋቱ ዋጋ የሚታወቀው ሥራው አልቆ እንግዳ ሊገባ ሲቃረብ ነው። ያኔ ውኃው አረንጓዴ ሆኖ፣ አዲሱ ሴራሚክ ነጭ ቅርፊት ይዞ ወይም የፓምፑ ብረት ተበልቶ ይገኛል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ስፋቱ 12.5 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.6 ሜትር የሆነ ገንዳ 500 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ይህም 500 ሺህ ሊትር ነው። ውኃው ተበላሽቶ ቢፈስ ባለንብረቱ የሚከስረው የውኃውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ገንዳውን መልሶ ለመሙላት፣ ለማከምና ለማጣራት የሚጠፉት የገበያ ቀናትም ኪሣራ ናቸው።

የተመጣጠነ ውኃ ማለት ምን ማለት ነው?

የገንዳ ውኃ በአራት መለኪያዎች ይመዘናል። የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8 ቢሆን ይመረጣል። ፒኤች በቀላሉ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው አልካላይኒቲ በሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም፣ ካልሲየም ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ነፃ ክሎሪን ደግሞ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ሊሆን ይገባል።

ውኃ እንደ ነጋዴ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካልሲየም ሲጎድለው ከልስኑና በሴራሚኮቹ መካከል ካለው ሙሌት ይበደራል፤ ሲተርፈው ደግሞ በግድግዳውና በቧንቧው ላይ ያራግፋል። ይህን ሒሳብ በቀመር ያስቀመጠው በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ላንጀሊየር ነበር። በተግባር ሲሠራ ፒኤቹ ከሙቀቱ፣ ከካልሲየሙና ከአልካላይኒቲው ነጥብ ጋር ተደምሮ 12.1 ይቀነስለታል። ውጤቱ ከ-0.3 እስከ +0.3 ከሆነ ውኃው ተመጣጥኗል ይባላል።

ለምሳሌ የውኃው ሙቀት 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ነጥቡ 0.5 ነው። ካልሲየም 250 ሲሆን 2.0፣ አልካላይኒቲ 100 ሲሆን 2.0 ይያዛል። ፒኤቹ 7.4 ከሆነ ድምሩ 11.9፣ ልዩነቱም -0.2 ይሆናል። ይህ ጤናማ ውኃ ነው። ካልሲየሙ 50 ብቻ ቢሆን ግን ነጥቡ ወደ 1.3 ይወርድና ውጤቱ -0.9 ይሆናል። እንዲህ ያለው ውኃ ልስን ይበላል። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች የሚመጣው ውኃና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ የሌላውን ገንዳ መጠን ቀድቶ መጠቀም አያዋጣም።

እድሳት ሚዛኑን የሚያዛባው እንዴት ነው?

አንደኛው ምክንያት ሲሚንቶ ነው። ሴራሚክ ሲቆረጥና ልስን ሲፈረፈር የሚነሣው አቧራ ገንዳው ውስጥ ሲገባ ፒኤቹን ያንረዋል። በላይኛው ምሳሌ ፒኤቹ ከ7.4 ወደ 8.2 ቢወጣ ውጤቱ ከ-0.2 ወደ +0.6 ይዘላል፤ ነጭ ቅርፊቱም መያዝ ይጀምራል። ሁለተኛው የፓምፑ መቆም ነው። የማይዘዋወር ውኃ ክሎሪኑ በእኩል አይዳረስለትም፤ አልጌም ይወልዳል። ሦስተኛው ዝናብ ሲሆን፣ የክረምት ዝናብ ካልሲየሙንና አልካላይኒቲውን ያቀጥናል።

የክሎሪኑ ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። ማረጋጊያ ባልተጨመረበት ውኃ ፒኤቹ 7.5 ሲሆን ከነፃው ክሎሪን ግማሽ ያህሉ ጀርም የመግደል ኃይል ባለው መልክ ይገኛል። ፒኤቹ 8.5 ሲደርስ ግን ይህ ድርሻ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። በመሆኑም በምንዛሪ የተገዛን ኬሚካል አብዛኛውን ሥራ ፈት አድርጎ ማስቀመጥ ለማንም አያዋጣም።

ማፍሰስ ወይስ ማቆየት?

እድሳቱ የልብስ መቀየሪያውን፣ የዙሪያውን ንጣፍ ወይም የፓምፑን ክፍል ብቻ የሚመለከት ከሆነ ውኃውን ማቆየት ይመረጣል። ገንዳው በሸራ ይሸፈን፤ በተንቀሳቃሽ ፓምፕ ይዘዋወር፤ ለሠራተኞች ደኅንነት ሲባልም ዙሪያው ይታጠር።

ሥራው የገንዳውን ወለልና ግድግዳ የሚነካ ከሆነ ማፍሰስ ግድ ይላል። ሆኖም የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ በሚልበት የክረምት ወቅት ባዶ ገንዳ ከሥር ተገፍቶ ሊነሣና ሊሰነጠቅ ስለሚችል ባለሙያ ሳያማክሩ ማፍሰስ አይገባም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ደግሞ ከተሞላ በኋላ ለ28 ቀናት ያህል ፒኤቹን ሽቅብ ስለሚገፋ በየዕለቱ መለካት ያሻል።

መጠኑ ሲሰላ

ቅደም ተከተሉ አልካላይኒቲ፣ ከዚያ ፒኤች፣ ከዚያ ካልሲየም ነው። በ500 ሜትር ኩብ ውኃ አልካላይኒቲውን ከ60 ወደ 80 ለማድረስ 17 ኪሎ ግራም ገደማ ሶዲየም ባይካርቦኔት ያስፈልጋል። ነፃ ክሎሪኑን በ2 ሚሊ ግራም ከፍ ለማድረግ ደግሞ 65 በመቶ ጥራት ያለው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ይበቃል። መጥኖ መደቆስ ማለት ይህ ነው፤ ሳይለኩ በጆንያ መበተን ገንዘብ መበተን ነው።

ጥንቃቄውም ሊዘነጋ አይገባም። ኬሚካሉ በውኃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃ በኬሚካሉ ላይ አይጨመርም። አሲድና ክሎሪን ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ የተለያዩ የክሎሪን ዓይነቶች ሲደባለቁም እሳት ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በአንድ መጋዘን ቢቀመጡ እንኳ እጅግ ተለያይተው መሆን አለበት።

የውል ጉዳይ

ከሥራ ተቋራጩ ጋር ሲዋዋሉ ውኃውን ማን እንደሚለካ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚለካና የኬሚካሉን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ማስፈር ይበጃል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተለካው ውጤት በሁለቱም ወገን ተፈርሞበት ይቀመጥ፤ በርክክቡ ዕለትም እንደገና ይለካ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ልኬት ጋር ቢታሰር፣ ሴራሚኩ ቅርፊት ይዞ ወይም ፓምፑ ተበልቶ ቢገኝ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ክርክር አያስፈልግም።