ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ፍላሽ ስንት ዓመት ይቆያል?

ጥያቄ፦ የሠርጋችንን ቪዲዮ ቀራጩ በፍላሽ ነው የሰጠን። ቁም ሣጥን ውስጥ ከገባ ሦስት ዓመት አለፈው። ሳይሰካ ሲቆይ ይጠፋል እንዴ?

መልስ፦ ሦስት ዓመት ብዙም አያስፈራም። አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት 10 ዓመት ነው፤ እሱም ፍላሹ ብዙ ያልተጻፈበትና ከሙቀት የራቀ ከሆነ። እኔ ግን በዚያ ቁጥር የሠርግ ቪዲዮ አላስይዝም።

ፋይሉ የተያዘው በጥቃቅን ሴሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ቻርጁ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሾልካል። በአንድ ሴል 3 ቢት የሚይዙ ቺፖች 8 የቻርጅ ደረጃዎችን መለየት ስላለባቸው፣ ጥቂት ሲሾልክም ንባቡ ይዛባል። ሙቀት ያፋጥነዋል (መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የሚውለውን የዘፈን ፍላሽ ያስቡ)። ደጋግሞ መጻፍና ማጥፋትም ሴሉን ያደክመዋል። ስለዚህ ቀራጩ የሰጣችሁ ሲሠራበት የኖረ ፍላሽ ከሆነ ቶሎ ይገልብጡት።

«አልፎ አልፎ ብሰካው ይታደሳል» የሚሉ አሉ። መሰካት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ቻርጁ በእርግጠኝነት የሚታደሰው ፋይሉ እንደገና ሲጻፍ ነው። ቪዲዮውን ኮምፒውተር ላይ ይገልብጡና እስከ መጨረሻው ይዩት፤ የፋይሉ ስም እየታየ መሃሉ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፍላሹ ላይ መልሰው ይጻፉት። ሌላ ቅጂ በሃርድ ዲስክ አድርገው እህትዎ ወይም ወንድምዎ ቤት ያስቀምጡ፤ ፍላሽ ቻርጁ ሳያልቅ መሰኪያው ተሰብሮም ይሞታልና። ሲሰኩት ኮምፒውተሩ ፎርማት ላድርገው ብሎ ከጠየቀዎት እሺ አይበሉ፤ ነቅለው ለባለሙያ ያሳዩ።